«ለስላሳህን ይዘህ ተቀመጥ» በቂ መልስ አይደለም

ሰሞኑን ሐዋሳ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ብዙ ያነጋገረ አንድ ጽሑፍ ወጥቷል። መነሻው አንዳንድ የክፍል ተወካዮች የአዲስ ተማሪዎች መቀበያንና የተመራቂዎችን እራት «ዘንድሮ ያለ አልኮል እናድርገው» ማለታቸው ነው። ጸሐፊው ሐሳቡን አጥብቀው ይቃወማሉ። ክርክራቸው ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ ሙስሊም ተማሪን ጠጣ ብሎ ያስገደደው የለም፣ ለስላሳውን ይዞ መቀመጥ ይችላል፤ የአንድን ሃይማኖት ክልከላ በሁሉም ላይ መጫን ሃይማኖትና መንግሥት በተለያዩበት አገር አያስኬድም፤ መጠጥ ባሕላችን ነው፤ መጠጥ የሌለበት ፕሮግራም ይቀዘቅዛል፤ ሆቴሎችም መጠጥ ካልሸጡ አዳራሽ አይሰጡም፤ ደግሞም ሙስሊም ተማሪዎች ጀምዓ (የሙስሊም ተማሪዎች ኅብረት) ስላላቸው የጎደለባቸው ነገር የለም። ግድ ከሆነ ደግሞ ጠረጴዛ ለይቶ ማስቀመጥ ይበቃል ይላሉ።

እነዚህ ነጥቦች ብዙ ተማሪ በልቡ ይዟቸው አፍ አውጥቶ የማይናገራቸው ስለሆኑ በዝምታ ሊታለፉ አይገባም። አንድ በአንድ እንመልሳቸዋለን። ክብደታቸው እኩል ስላልሆነ አንዳንዱ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን፣ አንዳንዱን ቶሎ እናልፈዋለን።

በቅድሚያ ጸሐፊው የቀላቀሏቸውን ሁለት ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። አምስት ጓደኛሞች ቅዳሜ ማታ ተጠራርተው ሐይቁ ዳር ቢቀመጡ የሚጠጡት ነገር የራሳቸው ጉዳይ ነው። እየተነጋገርን ያለነው በዲፓርትመንቱ ስም ስለሚጠራ፣ ከሁሉም ተማሪ በተሰበሰበ መዋጮ ስለሚከፈል፣ መምህራን ስለሚጋበዙበት ፕሮግራም ነው፦ ስለ ዌልካሙ (የአዲስ ተማሪዎች መቀበያ)፣ ስለ መቶኛው ቀን (ለምረቃ መቶ ቀን ሲቀር የሚከበረው)፣ ስለ ጂሲ (የተመራቂዎች) እራት። የዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ደንቦች አልኮል ግቢ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከግቢ ወጥቶ ከተማ ሆቴል ሲገባ ቢራውም አብሮ የፕሮግራሙ አካል ሆነ። ተሰብስቦ «ሙስሊሞቹን እናስቀር» ያለ የለም። ቦታው ሲመረጥ ማን እንደሚቀር የጠየቀ ስላልነበረ ነው እንዲህ የሆነው።

«ለስላሳውን ይዞ መቀመጥ ይችላል» የሚለው ክርክር፣ የተከለከለው መጠጣት ብቻ ነው ከሚል ግምት የመጣ ነው። በእስልምና ጉዳዩ ከዚያ ሰፋ ይላል። ቁርኣን በአል-ማኢዳ ምዕራፍ 90ኛ አንቀጽ አስካሪ መጠጥን «ራቁት» ነው የሚለው። ቲርሚዚ በዘገቡት አንድ ሐዲስ (የነቢዩ ሙሐመድ ንግግር) ደግሞ በአላህና በመጨረሻው ቀን የሚያምን ሰው መጠጥ በሚዞርበት ማዕድ ላይ እንዳይቀመጥ ተነግሯል። በሌላ ሐዲስ ከመጠጥ ጋር በተያያዘ አሥር ዓይነት ሰዎች ሲወገዙ ቀጂው፣ ተሸካሚው፣ ሻጩና ገዢውም ከነሱ ውስጥ ተቆጥረዋል። እንግዲህ አንዲት ተማሪ እጇ ላይ ሚሪንዳ ቢኖርም ማዕዱ የቢራ ማዕድ ከሆነ፣ የከፈለችው ገንዘብም ቢራውን ከገዛ፣ «ማን አስገደደሽ?» የሚለው ጥያቄ የሷን ችግር አልነካውም። በርግጥ ሁሉም ሙስሊም ተማሪ ይህን በአንድ ዓይነት ጥብቀት አይከተልም፤ የሚቀመጥም አለ። ነገር ግን የሚቀመጠውን እያሳዩ የማይቀመጠውን «አካባጅ» ማለት ፍትሕ አይደለም።

ገንዘቡን ጠጋ ብለን እንየው፤ ብዙ ሰው ልብ የማይለው እዚህ ጋ ነው። 80 ተማሪ ያለው ክፍል በነፍስ ወከፍ 1,000 ብር አዋጣ እንበል። ከዚህ ውስጥ 400 ብሩ ለመጠጥ ቢመደብ ጠቅላላው 32,000 ብር ይሆናል። 30 ተማሪዎች አልኮል አይጠጡም፤ እያንዳንዳቸው በ50 ብር ሂሳብ ሁለት ለስላሳ ቢወስዱ የተጠቀሙት 3,000 ብር ነው። የቀረው 29,000 ብር ለ50 ጠጪዎች ሲካፈል 580 ብር ይደርሳቸዋል። ማለትም እያንዳንዱ የማይጠጣ ተማሪ 300 ብር ለሌላው ቢራ ከፍሏል፤ በድምሩ 9,000 ብር። ቁጥሮቹን እንደ ክፍላችሁ ቀይሯቸው፣ አቅጣጫው አይለወጥም። ለሙስሊሙ ተማሪ ደግሞ ነገሩ ከብር ኪሳራ በላይ ነው፤ ከላይ ያየነው ገዢነት ውስጥ ያስገባዋል። «እኔ መዋጮ አልከፍልም» ካለ ስሙ ካልከፈሉት ዝርዝር ውስጥ ይለጠፋል፤ ከከፈለ ደግሞ ሳይመጣ ይቀራል። አብዛኛው የሚመርጠው ከፍሎ መቅረትን ነው። አዘጋጆቹም ገንዘቡ ስለገባ የቀረ ሰው መኖሩን አያስተውሉም።

በምረቃ ሰሞን የሚረጨው ሻምፓኝም አለ። የጂሲ ፎቶ ሲነሳ ጠርሙሱ ተንጦ ይከፈትና ጋዋን ላይ፣ ሒጃብ ላይ ይረጫል። እዚያ የቆመችው ልጅ አልጠጣችም፤ ልብሷ ግን አልኮል ጠጥቷል። በዚያ ልብስ መስገድ ትችላለች ወይ የሚለውን ጥያቄ ይዛ ከፎቶው ትሸሻለች። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ተንጦ ሲከፈት እንደዚያው ይረጫል፣ ፎቶው ላይም ልዩነቱ አይታይም፣ ጋዋንም አያጣብቅም። ኬኩንም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ብላክ ፎረስትና መሰል ኬኮች ሲሠሩ ዳቦውን በሽሮፕ ያርሱታል፤ አንዳንድ ኬክ ቤት ሽሮፑ ውስጥ ሊከር ወይም ሩም ይጨምራል። ትዕዛዝ ሲሰጥ «በስኳር ሽሮፕ ብቻ ይረስ» ማለትና ደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ነው፤ ዋጋው ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ሁለተኛው ክርክር የሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ይጠብቃል። እራት ላይ ቢራ አለማቅረብ የማንንም ጸሎት በማንም ላይ አይጭንም። ማንም እንዲሰግድ፣ እንዲጾም፣ እንዲሸፈን አልተጠየቀም። መጠጣት የፈለገ ከፕሮግራሙ በፊትም በኋላም በራሱ ገንዘብ ይጠጣል።

ጸሐፊው ሕግ ካነሱ ያላነሱት ሕግ አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። 12ኛ ክፍልን በጊዜው ጨርሶ የተመደበ ተማሪ ግቢ ሲገባ 18 ወይም 19 ዓመቱ ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አብዛኛው 21 አልሞላውም ማለት ነው። ስለዚህ የፍሬሾች መቀበያ ላይ ቢራ ያዘዘ ተወካይ፣ ሙስሊም ኖረም አልኖረም፣ ሆቴሉን ከሕግ ጋር እያጋጨው ነው። ይህ ነጥብ ብቻውን ስለ ዌልካሙ የሚደረገውን ክርክር መዝጋት ነበረበት።

«የአንድ ሃይማኖት ክልከላ» የሚለውም የሐዋሳን ተማሪ በደንብ ያላየ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 33.9 በመቶው ሙስሊም፣ 18.6 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ ከግማሽ ያልፋሉ። አብዛኞቹ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናቸው አልኮል እንዳይጠጣ ያስተምራሉ፤ ሲዳማ ውስጥ ደግሞ አብላጫው ፕሮቴስታንት ነው። ተማሪው በአገር አቀፍ ምደባ ከሀላባም፣ ከስልጤም፣ ከባሌም፣ ከወሎም ይመጣል። ጀምዓ የሚሄደውና ፌሎ (የፕሮቴስታንት ተማሪዎች ኅብረት) የሚሄደው ልጅ በዚህ ጉዳይ አንድ ጥያቄ ነው ያላቸው። በዚያ ላይ በጾም ወራት መጠጥ የሚተዉ ኦርቶዶክሳውያን፣ መድኃኒት የጀመሩ፣ ቤተሰባቸው ውስጥ የመጠጥ ችግር አይተው የማሉ ልጆች አሉ። ሙስሊሙ ተማሪ ምክንያቱ ከልብሱና ከስሙ ስለሚታወቅ ጥያቄው በሱ ስም ተጠራ እንጂ ብቻውን አይደለም። ፕሮግራሙን «የሙስሊሞች ፕሮግራም» ብሎ መጥራትም በዚሁ ምክንያት ስህተት ነው። ስሙ «የሲቪል ምሕንድስና እራት» ነው፣ አለቀ።

ባሕል ነው ለሚለው ረጅም መልስ አያስፈልግም። ጠላና ጠጅ ባሕል ናቸው። ቡና፣ ብርዝና ቀሪቦም ባሕል ናቸው። የጋራ ማዕድ ላይ የሚቀርበው ሁሉም የሚካፈለው ቢሆን ባሕል አይጓደልም።

ከጸሐፊው ክርክሮች ውስጥ ከልብ የምንቀበለው የእውነት ጥግ ያለው «መጠጥ የሌለበት ፕሮግራም ይቀዘቅዛል» የሚለው ላይ ነው። የቀዘቀዙ አሉ። ግን ለምን ቀዘቀዙ? አዘጋጆቹ ቢራውን አውጥተው በቦታው ንግግር ስለሚያስገቡ ነው። ሰው ሲገባ እጁ ላይ የሚይዘው የለም፣ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ አያውቅም፣ ሳውንድ ሲስተሙ ገና እየተፈተሸ ነው፣ ከዚያ ዲኑ ይናገራሉ፣ ተወካዩ ይናገራል፣ የስፖንሰር ምስጋና ይነበባል። ቢራ ባለበት ፕሮግራም ይህ ድክመት አይታይም፤ ጠርሙሱ ይሸፍነዋል። ያለ ቢራ ሲሆን ግን የመጀመሪያዎቹ 40 ደቂቃዎች ሁሉን ይወስናሉ። ልምድ ያላቸው አዘጋጆች የሚያደርጉት እንዲህ ነው።

በር ላይ መጠጥ ይቀርባል። እንግዳ ተቀምጦ አስተናጋጅ አይጠብቅም፤ ሲገባ ብርጭቆ ይይዛል። 20 ሊትር የሚይዝ አንድ ጀሪካን በ250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ 80 ሰው ያደርሳል፤ ስለዚህ ለ80 ሰው አንድ ጀሪካን ብርዝ ወይም ጭማቂ ለበሩ ይበቃል። ለቀሪው ምሽት በሰው 3 ጠርሙስ ለስላሳና ውሃ ይታሰባል፦ 240 ጠርሙስ፣ በ24 ሲከፈል 10 ሳጥን። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚበላሸው ማቀዝቀዣው ነው። ሐዋሳ ሞቃት ናት፤ ሳጥኑ ከሰዓት በኋላ ቢመጣ ለምሽቱ አይቀዘቅዝም። ጠዋት ገብቶ ፍሪጅ ውስጥ መደርደር አለበት፤ ፍሪጁ ካልበቃ በርሜል ውስጥ በረዶ ይገባል።

ብርዝና ቀሪቦ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ብርዝ በውሃ የተበጠበጠ ማር ነው፤ ካደረ መፍላት ይጀምርና መንገዱ ወደ ጠጅ ነው። ቀሪቦም በጣም ከተቆላ ገብስ ተዘጋጅቶ ስኳርና እርሾ ይገባበታል፤ ብዙ በቆየ ቁጥር አልኮሉ እየጨመረ ይሄዳል። «ቀሪቦ ነው፣ ችግር የለውም» ብሎ የሁለት ቀን ቀሪቦ ማቅረብ ጥሩ አሳቢነት ሆኖ ሳለ ውጤቱ ተቃራኒ ይሆናል። ብርዝ የዕለቱ መሆን አለበት፤ ቀሪቦ ደግሞ የት እንደተዘጋጀና መቼ እርሾ እንደገባበት ካልታወቀ ቢቀር ይሻላል። እንደ ሶፊ ማልት ያሉት የማልት መጠጦች አልኮል ባይኖርባቸውም የሚተዋቸው ሙስሊም ተማሪ አለ፤ ስለዚህ ብቸኛ አማራጭ አይሁኑ።

ሁለተኛው ነገር መቀመጫ ነው። ሰውን ዝም ብለው ካስገቡት በዶርሙና በአገሩ ልጅ ይቀመጣል፤ ሙስሊሞቹም አንድ ጥግ ይይዛሉ፣ ከዚያ «እነሱ ራሳቸው ተገለሉ» ይባላል። 80 ሰው ከሆነ ስምንት ስምንት ሰው የሚያስቀምጡ 10 ጠረጴዛዎች ይዘጋጁና ከ1 እስከ 10 ቁጥር የተጻፈበት ካርድ በሩ ላይ ይታደል። በየጠረጴዛው አንድ ነባር ተማሪ ይመደብ። ጥያቄና መልስ በጠረጴዛ ይሁን፤ ጥያቄዎቹ ከትምህርቱም ከግቢው ኑሮም የተቀላቀሉ ይሁኑ፣ አንዱ ብቻውን የማይመልሳቸው። የግጥምና የሙዚቃ ተራ ይኑር፤ መድረክ ወጥቶ መጨፈርን ግን ግዴታ አታድርጉት። ንግግር በድምሩ ከ10 ደቂቃ አይለፍ። ተጋባዥ መምህራንም ለብቻቸው ከፊት ከሚደረደሩ በየጠረጴዛው ቢበተኑ ለተማሪው ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛው ቡና ነው፤ ይህን በደንብ ያዘጋጀ ፕሮግራም ቢራ አይናፍቅም። ለ80 ሲኒ አቦል አንድ ኪሎ ግድም ጥሬ ቡና ይበቃል። 10 ሲኒ በሚቀዳ ጀበና ከሆነ ስምንት ጊዜ መቅዳት ያስፈልጋል፤ ሁለት ጀበና በሁለት ምድጃ ከተጣደ አራት አራት ዙር ነው። ስህተቱ ሙሉውን ቡና እዚያው ለመቁላት መሞከር ነው፤ አንድ ኪሎ በአንድ ምጣድ አይቆላም፣ ከቆሉትም ያርራል፣ ሰውም ጠብቆ ይሄዳል። ቡናው ቀን ተቆልቶና ተፈጭቶ ይምጣ። እንግዳው ፊት ለጭሱና ለሽታው አንድ እፍኝ ብቻ ይቆላ። ቶናው ሲቀዳ ጠረጴዛ መለዋወጥ ይፈቀድ፤ ጨዋታው የሚሟሟቀው ያኔ ነው።

የሆቴሉ ጉዳይ የድርድር ጉዳይ ነው። ብዙ ሆቴል «አዳራሹ ነጻ ነው» የሚለው ትርፉን ከመጠጥ ስለሚያወጣ ነው። ስለዚህ ተወካዩ ገብቶ «መጠጥ አንፈልግም» ብቻ ካለ ሰውየው ፊቱን ያጠቁራል፤ እሱም ሂሳብ አለበት። የሚሻለው አዳራሽን፣ ምግብንና ለስላሳን በሰው ቁጥር አንድ ዋጋ አድርጎ መጠየቅ ነው፤ የአዳራሹ ኪራይ በግልጽ ይታሰብ። ከውጭ ለምታመጡት ቡናና ብርዝ ኮርኬጅ (ሆቴሉ ከውጭ ለሚገባ መጠጥ የሚያስከፍለው) እንዳይጠየቅ ውሉ ላይ ይጻፍ። አዳራሹ ለምሽቱ የናንተ ብቻ መሆኑም ይጻፍ፤ አለበለዚያ በግማሽ መጋረጃ ተለይቶ ማዶ ሌላ ድግስ ይገባል። ሳምንት መካከል፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ አዳራሹ ባዶ ስለሚውል ዋጋው ይረክሳል። ሐዋሳ ውስጥ ባለቤቶቹ በእምነታቸው ምክንያት አልኮል የማይሸጡ ምግብ ቤቶችም አሉ፤ ሙስሊምም ፕሮቴስታንትም። እነሱ ጋ ይህ ሁሉ ድርድር አያስፈልግም።

አዳራሽ ብቻም አይደለም አማራጩ። ታቦር ተራራን ጠዋት ወጥቶ ቁርስ እዚያ መብላት፣ ሐይቁ ላይ በጀልባ መውጣት አለ። ጀልባ ከሆነ ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ውሃው ይናወጣል፣ ዋና የማይችለው ተማሪም ይበዛል። የነፍስ አድን ጃኬት በሰው ቁጥር መኖሩን ሳትቆጥሩ አትሳፈሩ። አሞራ ገደል ሄዳችሁ ሜዳ ላይ ከበላችሁ ምግቡን ክፍቱን አትተዉት፤ ጦጣዎቹ ከእጅ ነው የሚነጥቁት።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ፤ አልኮሉን አውጥቶ ሥጋውን መርሳት ግማሽ ሥራ ነው። ሙስሊሙ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፣ ክርስቲያኑም የሙስሊም ሥጋ አይበላም። ሁለት ዓይነት ሥጋ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ነገር ግን ቡፌ ላይ ጭልፋ ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው ይሻገራል፣ ወጥ ቤት ውስጥ በአንድ ቢላና በአንድ መክተፊያ ይሠራል። ካደረጋችሁት ሁለት አዘጋጅ፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ በየድስቱ የታሰረ ጭልፋ ያስፈልጋል። ሐዋሳ ውስጥ ግን ከዚህ ሁሉ የሚገላግል ነገር ሐይቁ ውስጥ አለ። ዓሣ በእስልምና መታረድ አያስፈልገውም፤ ሁለቱም ወገን ከአንድ ትሪ ይበሉታል። በነፍስ ወከፍ አንድ መካከለኛ ቆሮሶ ተጠብሶ፣ ጎን ለጎን ዓሣ ለማይበላውና ለጿሚው በያይነቱና ሽሮ ቢቀርብ ሁሉም ይበላል። ለጠባሹ አንድ ነገር ብቻ ይነገረው፦ ዘይቱ አዲስ ይሁን፣ ሥጋ የተጠበሰበት አይሁን። ዓሣው ጠዋት ሐይቁ ዳር ተገዝቶ፣ ተጠርጎ በበረዶ ይቆይ፤ ከሰዓት የተገዛ ዓሣ በሙቀቱ አይታመንም።

ሰዓቱም እንደዚሁ። ሐዋሳ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በኅዳር ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ5 አካባቢ፣ በሐምሌ 12 ሰዓት ከ45 አካባቢ ነው። መግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደው ሰላት) ጊዜው አጭር ስለሆነ «በኋላ ይሰግዳሉ» አይባልም። ፕሮግራሙ ከዓስር (ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ሰላት) በኋላ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ቢጀመር፣ ምግቡ 11 ሰዓት ላይ ቢቀርብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ 25 ደቂቃ ዕረፍት ተደርጎ ከዚያ ቡናው ቢቀጥል፣ 2 ሰዓት ላይ ማለቅ ይችላል። ዕረፍቱን «የሰላት ሰዓት» ብላችሁ አታውጁት፤ ለሁሉም ዕረፍት ነው፣ ፎቶ የሚነሳው ይነሳል። ለመስገጃ ንጹሕ ክፍልና የውሃ ቧንቧ የት እንዳለ አስቀድሞ ይታይ። 2 ሰዓት የተባለው ለሴት ተማሪዎችም ነው፤ ከዚያ ካመሸ ባጃጁ ዋጋ ይጨምራል፣ በር ላይም ጥያቄ ይበዛል።

ረመዳን ውስጥ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በ2017ም በ2018ም ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። በየካቲትና በመጋቢት መግሪብ 12 ሰዓት ከ35 አካባቢ ሲሆን ዒሻእ (የሌሊቱ ሰላት) ከአንድ ሰዓት ጥቂት በልጦ ይከተላል፤ ተራዊሕ (በረመዳን ከዒሻእ በኋላ የሚሰገደውን) የሚሰግደው ተማሪ ስለዚህ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው ያለው። በሰው ሦስት ቴምርና ውሃ ጠረጴዛው ላይ ይቅደም፣ 15 ደቂቃ ለሰላት፣ ከዚያ የጾም ምግብ። በእንዲህ ዓይነቱ ወቅት አንድ በያይነቱ የሁለቱንም ጿሚ ያጠግባል።

«ጀምዓ አላቸው» የሚለው ክርክር ከሁሉም በላይ ያሳዘነን ነው። ጀምዓ የእምነት ቤት ነው፤ ግቢ ጉባኤም ፌሎም እንደዚያው። «ግቢ ጉባኤ አለህና ከዲፓርትመንትህ እራት ቅር» የተባለ ኦርቶዶክሳዊ ተማሪ የለም። ዲፓርትመንት ውስጥ የሚገኘው ነገር ሌላ ነው፦ የፕሮጀክት ግሩፕ ማን ከማን ጋር እንደሚሆን፣ የባለፈው ዓመት ፈተናና ወርክሺት በማን እጅ እንዳለ፣ ኢንተርንሺፕ የሚቀበለው የትኛው ድርጅት እንደሆነ፣ የትኛው መምህር ለድጋፍ ደብዳቤ ደግ እንደሆኑ። ይህ ሁሉ ክፍል ውስጥ አይነገርም፤ እራት ላይ፣ በጨዋታ መሀል ነው የሚወጣው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ዌልካሙን የቀረ ፍሬሽ ግሩፕ ሲሠራ «የቀሩት» ውስጥ ይመደባል። ከሀላባ ለመጣች የ18 ዓመት ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጸሐፊው የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችንም ጠቅሰዋል፤ እንግሊዝ አገር የተማሪ ኅብረት ግቢ ውስጥ መጠጥ ቤት አለው ይላሉ። እውነት ነው። እዚያው አገር የተማሪዎች ብሔራዊ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 በየግቢው የመጠጥን ቦታ የሚቀንስ ፕሮግራም መጀመሩም እውነት ነው። ምሳሌ ከተወሰደ ሙሉው ይወሰድ።

የመጨረሻው ሐሳባቸው ጠረጴዛ መለየት ነው። በተግባር የሚሆነውን እንናገር፦ የማይጠጡት ጠረጴዛ በሩ ጋ ወይም ጥጉ ላይ ይሆናል፣ መምህራኑ ወደ ሌላኛው ይሄዳሉ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠርሙሱን የያዘ ሰው «እናንተስ?» እያለ ይዞራል። ሌላ አስታራቂ መንገድ ግን አለ። የጋራው ፕሮግራም ከአልኮል ነጻ ሆኖ 2 ሰዓት ላይ ይለቅ፤ ሂሳቡ እዚያው ይዘጋ። ዕድሜው የፈቀደለትና መጠጣት የፈለገ ከዚያ በኋላ ወደፈለገበት ይሂድ፣ ኪሱም የራሱ ይሁን፣ የዲፓርትመንቱ ስምና መዋጮ አይከተለው። ይህን ከመወሰናችሁ በፊት ክፍሉን ጠይቁ፤ አጠያየቁ ግን ይታሰብበት። በክፍል ግሩፕ «ቢራ ቢኖር የሚቸገር አለ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ አንድን ልጅ በ80 ሰው ፊት እጁን እንዲያወጣ ማድረግ ነው፤ አያወጣም። የቴሌግራም ድምፅ መስጫ ስም ሳያወጣ መመለስ ስለሚያስችል በሱ ሦስት ጥያቄ ይላክ፦ የትኛውን ምግብ ትበላለህ/ትበያለሽ፣ በየትኛው ሰዓት መምጣት ትችላለህ/ትችያለሽ፣ አልኮል ቢኖር ትመጣለህ/ትመጫለሽ ወይስ ትቀራለህ/ትቀሪያለሽ። ከፕሮግራሙ ሁለት ሳምንት በፊት ይላክ፤ ለሆቴሉ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ የመጣ መልስ የሚለውጠው ነገር የለምና።